የማደሪያ ነገር

ሰው አገር ጥሎ ሲሄድ ስንቅ ይይዛል እንጂ ማደሪያ አይይዝም፤ ቤቷን አዝላ የምትሄድ ኤሊ ብቻ ናት። እኛ ሁለት ባልንጀሮች ከጎጃም ተነሥተን ቡራዩ ለመድረስ ስድስት ዓመት ፈጀብን። መንገዱ ርቆ አይደለም፤ በየደረስንበት ጥቂት እየሰነበትን፣ ደግሞ እየተነሣን ነው እንጂ። ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ሌላ ዕውቀት ባይኖረን በማደሪያ ነገር አንታማም።

መጀመሪያ ጎጆ። ቅኔ ልንቆጥር ዋሸራ ስንገባ፣ ትምህርቱን ጨርሶ የሄደ ተማሪ የተወው ጎጆ ደረሰን። ያ ጎጆ አይሸጥም፣ አይከራይም፤ የሄደው ለመጣው ይተወዋል። ክዳኑ ሣር፣ ግድግዳው እንጨት፣ በሩ አጎንብሶ የሚያስገባ። ኪራይ የለውም ማለት ግን አይደለም፤ ኪራዩን የሚቀበለው የመንደር ውሻ ነው። አኮፋዳ አንግተን «በእንተ ስማ ለማርያም» ስንል ከቁራሽ እንጀራው ቀድሞ የሚደርሰን እሱ ነበርና! ክረምት ሲገባ ጣሪያው ያፈሳል፤ የቁንጫውን ነገር ተዉት። ቢሆንም ጧት ከጎረቤት ጎጆ «እንዴት አደራችሁ?» የሚል ድምፅ ጠፍቶ አያውቅም።

ከአንዱ ቅኔ ቤት ወደ ሌላው በእግር ስንሄድ ደግሞ የመሸበት እንግዳ ሆንን። «መንገደኞች ነን፣ መሽቶብን ነው፣ አሳድሩን» እንላለን፤ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግቡ» እንባላለን። እግር ይታጠባል፣ መደብ ላይ ቁርበት ይነጠፋል፣ ልጆቹ መሬት ወርደው ቦታ ይለቃሉ። ከዚህ የሚበልጥ ማደሪያ አላየንም። አንድ ሌሊት ግን አንድ ሌሊት ነው። በሁለተኛው ቀን እመቤቲቱ ሞሰቡን ስትከፍት ዓይኗ የት እንደሚያርፍ ያስተዋለ ሰው፣ በሦስተኛው ቀን ማልዶ ይነሣል።

አዲስ አበባ ስንገባ አውቶቡስ ተራ አጠገብ አልጋ ያዝን። «ሁለት ወንድ ባንድ አልጋ አይቻልም» ተባልንና የሁለት ከፈልን። ግድግዳው ቺፑድ ስለሆነ የማናውቀው ሰው ሳል ሌሊቱን ሙሉ አብሮን አደረ። ጧት በሩ ሲንኳኳ ደስ አለን። ኧረ ምን ደስታ! «ትቀጥላላችሁ ወይስ ትለቃላችሁ?» ነው ያለን ልጁ። ገንዘብ ከፍለን ባደርንበት ቤት እንዴት እንዳደርን የሚጠይቀን መጥፋቱ እስከ ዛሬ ይገርመናል።

ኋላ ቀን እየሠራን ማታ ለመማር አሰብንና ደላላ ቡራዩ አመጣን። ለደላላው፣ ለቅድሚያ ክፍያው ስንል ኪሳችን እዚያው አለቀ። ክፍሏ የጭቃ ሰርቪስ ናት። መብራት ከምሽቱ 3 ሰዓት ይጠፋል፣ እንግዳ አያድርም፣ ውኃ በጀሪካን ተቆጥሮ ነው። የሚያስቀው ግን፣ ለአዲስ አበባ ውኃ የሚልከው የገፈርሳ ግድብ እዚሁ ከከተማዋ ጫፍ ተንጣልሎ እኛ ጀሪካን ይዘን መሰለፋችን ነው። ቡራዩን ሰንጥቆ የሚያልፈው የአምቦ መንገድም የስደት ታሪክ አያጣም። አጼ ምኒልክ በ1890ዎቹ የአዲስ አበባ ማገዶ ቢመናመንባቸው ከተማቸውን በዚሁ አቅጣጫ ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። በኋላ ባሕር ዛፉ በቀለና ዋና ከተማው ባለበት ቀረ፤ የአዲስ ዓለሙ ቤት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ለካስ ንጉሥም ጓዙን ጠቅልሎ መልሶ ይፈታል!

አከራያችንን እትዬ እንላቸዋለን። ጧት ጧት እንጀራቸውን ለገበያ ይዘው ሲወጡ በመስኮታችን በኩል «አካም ቡልተን?» ይሉናል፤ በኦሮምኛ እንዴት አደራችሁ ማለት ነው። ኪራይ ባዘገየንበት ወር እንኳ ይህችን አላስቀሩብንም።

በ2015 ዓ.ም. ቡራዩ ከሰበታ፣ ከሱሉልታና ከሌሎቹ የዙሪያ ከተሞች ጋር ተጠቃልላ ሸገር ከተማ ተባለች። በዚያው ዓመት በሸገር ያለ ፈቃድ ተሠሩ የተባሉ ብዙ ቤቶች ፈረሱ። የእትዬ ቤት ካርታ የለውም፤ ቦታውን ከገበሬ በእጅ በተጻፈ ውል ገዝተው አሥራ ሁለት ዓመት ኖረውበታል። ወሬው ከተሰማ ጀምሮ ልብስና ዕቃ የሞላባቸው ሁለት ማዳበሪያዎች ታስረው በራቸው ሥር ተቀመጡ።

አንድ ማታ በራችንን አንኳኩ። የኪራይ መስሎን ደነገጥን።

«እናንተ ልጆች ብዙ አገር ዞራችኋል» አሉ። «ፍራሽ እንዴት አድርጎ ነው የሚታሰረው? እኔ ተሸክሜ አላውቅም።»

ሄድንና አሳየናቸው፤ ከአንዱ ጫፍ አጥብቆ መጠቅለል፣ ትራሱን መሐል ማድረግ፣ ገመዱን ሁለት ቦታ ማሰር። አገላብጠው አዩት። ከዚያ ገመዱን ፈተው ፍራሹን መልሰው አነጠፉት፤ ገና ሊተኙበት ነበርና።