ከጥላው ሥር ያለው ዘር

ዓሣ አጥማጅ ከሁሉ አስቀድሞ ጥላን ያውቃል። በሩቅ ባሕሮች በታናሽ ጀልባ የሚያጠምዱ ሰዎች፣ ከሥሩ ተነቅሎ የሚንሳፈፍ የባሕር አረም ባዩ ጊዜ ወደዚያ ይቀዝፋሉ፤ መሸሸጊያ በሌለው ውቅያኖስ ላይ ትንሹ ዓሣ ከአረሙ ሥር ይጠለላል፣ ትልቁም ትንሹን ፍለጋ ይከተለዋልና።

እኔን ያሳደገኝ የሀብሩ ምድር የሞፈርና የቀንበር እንጂ የመረብ አገር አይደለም። ይሁንና ከመርሳ ተነሥቶ በውርጌሳና በውጫሌ በኩል ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ሐይቅን ሳይረግጥ አያልፍም። የሐይቅ ውሃ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው። ቆሮሶ የተባለው ዓሣ በሰው እጅ የገባበት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማብቂያ ግድም ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ለብዙ አጥማጆች እንጀራ ሆኗል።

ቆሮሶ ግን የሚራባው በጥልቁ አይደለም። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ጎጆውን ይቆፍራል፤ ሴቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም እስኪጠነክሩ ድረስ በዳር ውሃው፣ በፊላና በቄጠማ መካከል ይሸሸጋሉ። እንግዲህ በመራቢያው ወራት ከቄጠማው ጥግ የተጣለ መረብ የሚያወጣው አንድ ዓሣ ብቻ አይደለም፤ እናትን ከነልጆቿ ነው። ቄጠማውን አጭዶ ዳርቻውን የሚያራቁትም ሰው ያለ መረብ ያንኑ ያደርጋል።

የ1977 ዓ.ም.ን ረሃብ ያየ የወሎ ገበሬ፣ ዘሩ የተበላበት ቤት ዝናብ ቢመጣም እንደማያርስ ያውቃል። አጥማጁም ዘር አለው፤ የሚያድረው በጎተራ ሳይሆን በቄጠማው ጥላ ሥር ነው። ጥላውን ለይቶ ማወቅ ሙያ ነው፤ ጊዜውን ጠብቆ ከጥላው መራቅ ግን ለልጅ ማሰብ ነው።