ካርታው አምስት ሰዓት ይላል፣ በረራው ሰባት

ከሙምባይ ቴል አቪቭ በቀጥታ መስመር 4,050 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዴልሂ ቢነሱም ያው ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የመንገደኛ ጄት በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለሚበር፣ መነሻና ማረፊያው ታክሎበት አምስት ሰዓት ይበቃዋል። ስሌቱ ልክ ነው። ችግሩ፣ ከሥር ያለው አገር ሁሉ የሰማዩ ባለቤት ነው።

የእስራኤሉ ኤል አል ወደ ሙምባይ ሲበር ለዓመታት የሳዑዲ ሰማይ ዝግ ነበረበት። ስለዚህ ቀይ ባሕርን ይዞ ወደ ኢትዮጵያ አቅጣጫ ይወርድ ነበር፤ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ሕንድን የሚፈልገው ከዚያ በኋላ ነበር። ሕንድ ልሂድ ያለ መንገደኛ መጀመሪያ ወደ እኛ ሠፈር ብቅ ይል ነበር ማለት ነው! አምስቱ ሰዓት ሰባት ሆነ። የሁለት ሰዓት ነዳጅ ደግሞ በነፃ አይገኝም።

እ.ኤ.አ. ማርች 22 ቀን 2018 ኤር ኢንዲያ ከዴልሂ ተነስቶ በሳዑዲ ፈቃድ ሰማይዋን አቋርጦ ቴል አቪቭ አረፈ። 70 ዓመት የጸና ክልከላ በአንድ ምሽት ተጣሰ። ይሁንና በረራው ሰባት ሰዓት ተኩል ያህል ፈጅቷል፤ ከዴልሂ የሚነሳው ቀጥታ መስመር በፓኪስታን፣ በኢራንና በኢራቅ ላይ ስለሚያልፍ አውሮፕላኑ በኦማንና በሳዑዲ በኩል መዞር ነበረበት። በዚህ መስመር ወደ ምዕራብ የሚበር አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ለፊቱ የሚመጣ ነፋስም አለበት።

ኤል አል ዝም አላለም። ለተፎካካሪው የተፈቀደው አቋራጭ ለእሱ መከልከሉ አንገብግቦት፣ በገዛ መንግሥቱ ላይ ለአገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቤት አለ። ሳዑዲ ሰማይዋን ለሁሉም አየር መንገዶች የከፈተችው በጁላይ 2022 ነው። ግን ኦማን እንደተዘጋች ነበረችና ለእስያ በረራ የሳዑዲው ፈቃድ ግማሽ በር ነበር፤ ኦማንም በፌብሩዋሪ 2023 ከፈተች።

ነገሩ የመካከለኛው ምሥራቅ ብቻ አይደለም። የታይዋኗ ታይፔ እና የቻይናዋ ሻንግሃይ የሚራራቁት 680 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሆኖም እስከ እ.ኤ.አ. 2008 ድረስ ተራው መንገደኛ ሆንግ ኮንግ ወይም ማካው ላይ አውሮፕላን እየቀየረ ግማሽ ቀኑን ይጨርስ ነበር። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ መደበኛ የሳምንት መጨረሻ በረራ ሲፈቀድ እንኳ አውሮፕላኑ በሆንግ ኮንግ ሰማይ ዞሮ እንዲሄድ ተደረገ። ዲሴምበር 15 ቀጥታው መስመር ሲከፈት ጉዞው ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወረደ። ከተሞቹ አንድ ሜትር አልተቀራረቡም።

በዚህ ላይ የሰዓት ልዩነት ሲጨመር ቲኬቱ ራሱ ያሳስታል። እስራኤል ሰዓቷን ወደፊት በማትገፋባቸው የብርድ ወራት ሕንድ በሦስት ሰዓት ተኩል ትቀድማለች። ከዴልሂ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተነስቶ ሰባት ሰዓት ተኩል የበረረ ሰው፣ ቴል አቪቭ ሲደርስ ሰዓቱ ከምሽቱ 4 ይላል። ወረቀቱን ላየው የአራት ሰዓት መንገድ ይመስላል። ቲኬት ስትቆርጡ ኪሎ ሜትሩንም፣ የመነሻና የመድረሻ ሰዓቱንም ተዉትና ጠቅላላ የበረራ ጊዜ የሚለውን እዩ።