የቤት ቡና ማሽንና ወፍጮ በአነስተኛ ገንዘብ ለመግዛት

ሥራ የምትውል እናት ማለዳዋ እንዴት እንደሚያልፍ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ልጆች ይቀሰቀሳሉ፤ ምሳ ዕቃ ይቋጠራል፤ የደንብ ልብስ ይተኮሳል፤ ሰርቪሱም ሆነ ታክሲው ማንንም አይጠብቅም። በዚህ ሁሉ መካከል ቡና ተገቢውን ጊዜ አያገኝም። ምክንያቱም የእኛ ቡና ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦና በጀበና ፈልቶ እስኪሰክን ድረስ ትዕግሥት ይጠይቃል። ስለሆነም ብዙዎቻችን ከቤታችን አፋችንን ሳናሟሽ እንወጣና መንገድ ላይ ካለ ካፌ አንድ ማኪያቶ ቆመን ጠጥተን ወደየሥራችን እንሮጣለን። የሚከፈለው ገንዘብ በቀን ሲታይ ጥቂት ይመስላል። በወር ሲደመር ግን የአንድ ቤት ወጪ ይሆናል።

በእኔ ቤት ባለቤቴና እኔ በየፊናችን አንዳንድ ማኪያቶ እንጠጣለን። በወር 26 የሥራ ቀን አለ ብንል 52 ስኒ ማለት ነው። ዘንድሮ የዕቁብ ተራዬ ሲደርስ በመጀመሪያ የልጆቹን የትምህርት ወጪ ለይቼ አስቀመጥኩ። ከተረፈው ገንዘብ ለቤታችን አነስተኛ የቡና ማሽንና ወፍጮ እንድንገዛ ሐሳብ አቀረብኩ። ባለቤቴ ወዲያው ተስማማ። አብረውን የሚኖሩት አማቴ ግን አልተስማሙም። «ልጄ፣ የማሽን ቡና ጠጥተውት የሚሄዱት ነው እንጂ ተቀምጠው የሚነጋገሩበት አይደለም። ጀበናዬን ከዚህ ቤት ልታስወጪው ነው?» አሉኝ። አነጋገራቸው ቀላል አልነበረም። በዚህም የተነሣ ገንዘቡን ከማውጣቴ በፊት ሁለት ወር ያህል ጠየቅሁ፣ አጠናሁ፣ ሱቅ ለሱቅም ዞርኩ። ያገኘሁትን ትምህርት ለሌሎች እናቶችና እህቶች ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየኝ።

ከሁሉ በፊት ሒሳብ

ብር በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ምን ያህል እንደጨመረ ሁላችንም እናውቃለን። በመሆኑም ማሽን በስሜት የሚገዛ ዕቃ አይደለም። ሒሳቡ ግን ቀላል ነው። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን ያጣል። ለአንድ ጠንከር ያለ ማኪያቶ 16 ግራም ያህል የተፈጨ ቡና ቢያስፈልግ፣ ከአንድ ኪሎ ጥሬ ቡና 50 ስኒ ገደማ ይገኛል። ለእያንዳንዱ ስኒ 100 ሚሊ ሊትር ወተት ብንመድብ አንድ ሊትር ወተት ለ10 ስኒ ይበቃል። እንግዲህ በሠፈራችሁ ያለውን የቡናና የወተት ዋጋ በዚህ መጠን አስሉና በወር ለካፌ ከምትከፍሉት ላይ ቀንሱ። የሚተርፈው በወር የምታድኑት ገንዘብ ነው። የማሽኑንና የወፍጮውን ዋጋ ለዚህ ቁጥር ስታካፍሉ ወጪው በስንት ወር እንደሚመለስ ታያላችሁ።

በእኔ ቤት መልሱ 15 ወር ያህል ሆነ። ይህን አይቼ ተበረታታሁ። ከ2 ዓመት የሚበልጥ ከሆነ ግን፣ ወይም በቤቱ በየቀኑ የሚጠጣው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ ገንዘቡን ለሌላ ጉዳይ ማዋል ይሻላል እላለሁ። ማሽን የሌለው ቤት የጎደለበት ነገር የለም።

ወፍጮው ከማሽኑ ይቀድማል

በካፌ የቡና ማሽን ላይ ለብዙ ዓመት የሠራች ጎረቤት አለችኝ። ምክር ስጠይቃት የመጀመሪያ ቃሏ «ገንዘብሽ ካነሰ ከማሽኑ ቀንሺ እንጂ ከወፍጮው አትቀንሺ» የሚል ነበር። በመጀመሪያ ነገሩ አልገባኝም፤ ሙቀጫና ዘነዘና እያለኝ ስለ ወፍጮ ምን ያስጨንቀኛል ብዬ ነበር። ምክንያቱን ስታስረዳኝ ግን ተቀበልኩ።

በጀበና ሲፈላ ዱቄቱ ከውሃው ጋር አብሮ ይቆያል፤ በኋላም ይሰክናል። ስለዚህ አንዱ ፍሬ ቢደቅ ሌላው ቢሻክር ብዙ አይጎዳም። በማሽን ግን ውሃው በኃይል ተገፍቶ በተጠቀጠቀው ዱቄት መካከል በግማሽ ደቂቃ ያልፋል። ዱቄቱ ወጥ ካልሆነ ውሃው በሻካራው በኩል ሾልኮ ይሄዳል፤ የላመው ዱቄት ደግሞ በሌላው በኩል ይዘጋዋል። ውጤቱም በአንድ ስኒ ውስጥ መጎምዘዝም መምረርም ያለበት ቡና ነው። እንደ ቢላ በሚሽከረከር ስለት የሚቆርጠው ትንሹና ርካሹ የኤሌክትሪክ መፍጫም ይኸው ጉድለት አለበት።

የሚፈለገው ባለ ጥርስ ወፍጮ ነው። አሠራሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እናቶቻችን እህል በወፍጮና በመጅ መካከል አድርገው እንደሚፈጩ ሁሉ፣ ይህም ፍሬውን በሁለት ባለ ጥርስ ብረቶች መካከል ያሳልፈዋል። በብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ሲጠብ ዱቄቱ ይልማል፤ ሲሰፋ ይሻክራል። ስትገዙ ጥርሶቹ ብረት መሆናቸውን፣ ማስተካከያው በጥቂት በጥቂቱ የሚሄድ መሆኑንና ዘንጉ የማይወላገድ መሆኑን በእጃችሁ አረጋግጡ።

በእጅ የሚዞር ይሻላል ወይስ በኤሌክትሪክ የሚሠራ? የእጅ ወፍጮ የሞተር ወጪ ስለሌለበት በተመሳሳይ ዋጋ የተሻለ ጥርስ ይገኝበታል። መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቋረጥም። ለአንድ ጊዜ የሚሆነውን 16 ግራም ለመፍጨት ከአንድ ደቂቃ ያልራቀ ጊዜ ይበቃል። እኔም የመረጥኩት የእጁን ነው። በየማለዳው እንግዳ የሚበዛበት ቤት ከሆነ ግን የኤሌክትሪኩ ይመረጣል።

ስለ ማሽኑ

ኤስፕሬሶ የጣሊያኖች ሥራ ነው። ሚላኖ ውስጥ ሉዊጂ ቤዜራ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1901 በእንፋሎት ለሚሠራ የቡና ማሽን የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም አኪሌ ጋጂያ በማንሻ የሚጫን ማሽን አውጥቶ ዛሬ በስኒው ላይ የምናየውን ወርቃማ አረፋ አስለመደ። ማሽኑም ማኪያቶውም ወደ እኛ ከተሞች የመጡት በጣሊያኖች በኩል ሲሆን፣ ስማቸው እስካሁን ከአፋችን አልወጣም።

በገበያ ላይ ለቤት የሚሆኑ አራት ዓይነቶች አግኝቻለሁ። አንደኛው ምድጃ ላይ የሚጣደው ሞካ ነው። ዋጋው ከሁሉም ዝቅ ያለ ሲሆን ጠንካራ ቡና ይሰጣል፤ ግፊቱ ግን አነስተኛ ስለሆነ የካፌውን አረፋ አይሰጥም። በወተት ለሚጠጣ ሰው ይህ ብቻውን ሊበቃ ይችላል። ሁለተኛው ፓምፕ ሳይኖረው በእንፋሎት ብቻ የሚገፋ የኤሌክትሪክ ማሽን ነው። መልኩ ትልቁን ማሽን ይመስላል፤ ቡናው ግን ከሞካው እምብዛም አይለይም። ሦስተኛው ፓምፕ ያለው አነስተኛ ማሽን ሲሆን እውነተኛ ኤስፕሬሶ ያወጣል። አራተኛው የፈላ ውሃ ጨምረው በእጅ ማንሻ የሚጫኑት፣ ኤሌክትሪክ የማያስፈልገው ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህም ለኤስፕሬሶ ከሚፈለገው ሙቀት ውስጥ ይገባል፤ ነገር ግን ብረቱ ውሃውን እንዳያቀዘቅዘው አስቀድሞ በፈላ ውሃ መሞቅ አለበት። ወተት የሚያሞቅ እንፋሎት ግን የለውም። በታሸገ እንክብል የሚሠራውን አልመረጥኩትም። ቡና በቤቷ የምትቆላ ሴት እንክብል ከውጭ እያስመጣች የምትገዛበት ምክንያት አይታየኝም።

አንድ ሱቅ ውስጥ ወጣቱ ሻጭ «እናቴ፣ ይኼኛው 15 ባር ነው፤ ያኛው ግን 20 ባር ስለሆነ ይበልጣል፤ እሱን ውሰጂ» አለኝ። እኔም «ልጄ፣ ካፌ ውስጥ ቡናው የሚወጣው በ9 ባር ገደማ ነው ይሉኛል፤ የቀረው 11 ምን ያደርግልኛል?» ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀና ማሽኑን ውሃ ሞልቶ ሊያሳየኝ ተነሣ። በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ፓምፑ ሊደርስበት የሚችለው የመጨረሻ ግፊት እንጂ የቡናው ጥራት መለኪያ አይደለም። በቁጥሩ ፈንታ የሚከተሉትን ብትጠይቁ ይጠቅማችኋል።

አንደኛ፣ 220 ቮልት ነው ወይ? ዘመድ ከአሜሪካ የሚልከው ማሽን በ120 ቮልት የሚሠራ ስለሆነ በቀጥታ ከእኛ መብራት ጋር ቢገናኝ ይቃጠላል። ሁለተኛ፣ የጎማ ማጥበቂያውና ወንፊቱ ሲያልቁ የሚተካ ዕቃ ይገኛል ወይ? ሦስተኛ፣ ወንፊቱ ስንት ዓይነት ነው? ወለሉ ድርብ የሆነው ወንፊት ገበያ ተፈጭቶ በመጣ ዱቄት እንኳ ይሠራል፤ ነጠላው ግን ጥሩ ወፍጮ ይፈልጋል፤ የተሻለ ቡናም ይሰጣል። ሁለቱም አብረውት ቢመጡ ለጀማሪ መልካም ነው። አራተኛ፣ እዚሁ ሱቁ ውስጥ ቡና አውጥታችሁ ታሳዩኛላችሁ ወይ? የማያሳይ ሻጭ ካጋጠማችሁ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።

ገንዘቡን አሥር ቦታ ብከፍለው አምስቱን ለአነስተኛ ባለ ፓምፕ ማሽን፣ አራቱን ለእጅ ወፍጮ፣ አንዱን ደግሞ ለግራም ሚዛንና ለወተት ማሞቂያ ጆግ አዋልኩት። ሚዛኑ ቅንጦት የሚመስላት እህት ትኖር ይሆናል። ያለ ሚዛን ግን የዛሬውን ቡና ነገ መድገም አይቻልም።

ስለ አጠቃቀሙ

ቡናውን እንደ ወትሮው በምጣድ እቆላለሁ። ነገር ግን ለማሽን ሲሆን እስኪጠቁርና ዘይት እስኪያወጣ አላደርሰውም፤ በዕለቱም አልፈጨውም። ትኩስ ቁሌት አየር ስለሚበዛበት በማሽን ውስጥ አረፋ ብቻ ይሆናል። በደንብ በሚከደን ዕቃ 5 ወይም 6 ቀን አሳርፈዋለሁ። የሚፈጨውም በሚጠጣበት ሰዓት ብቻ ነው።

16 ግራም ተፈጭቶ፣ በእኩል ተደልድሎና ተጠቅጥቆ ሲገባ፣ ከ25 እስከ 30 ሴኮንድ ባለው ጊዜ 32 ግራም ያህል ቡና መውጣት አለበት። በ10 ሴኮንድ ሮጦ ካለቀና ከጎመዘዘ ወፍጮውን ጥቂት አጥብቁ። እየተንጠባጠበ ከዘገየና ከመረረ አላሉ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ አለዚያ ምክንያቱን ለማወቅ ያስቸግራል።

የላም ወተት በቀጥታ ከአርቢ የምትገዙ እናቶች፣ ወተቱን አስቀድማችሁ አፍሉት። በማሽኑ እንፋሎት የሚገኘው ከ60 እስከ 65 ዲግሪ የሚሆን ሙቀት ጥሬ ወተትን ከበሽታ ለማጥራት አይበቃም። የእንፋሎቱን ቧንቧ ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፤ ሕፃናትም አጠገቡ እንዳይደርሱ ተጠንቀቁ። ማሽኑ ከ1,000 እስከ 1,500 ዋት የሚደርስ ኃይል ስለሚወስድ ከእንጀራ ምጣድ ጋር በአንድ መስመር አብራችሁ አትሰኩት። ውሃችሁ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚያበጅ ከሆነ፣ በየሁለት ወሩ ለዚሁ በሚሸጠው ዱቄት ማሽኑን ማጠብ ዕድሜውን ያረዝመዋል።

አሁን ወደ አማቴ ጥያቄ ልመለስ። በቤታችን የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ወንድ ልጅ አለን። ለጀበና ቡና ጠርተነው አያውቅም፤ እሱም ራሱ ቀርቦ አያውቅም። ወፍጮው በገባ በሳምንቱ ግን ሚዛኑን ይዞ ተቀመጠ፤ ሴኮንድ መቁጠርም ጀመረ። ዛሬ የማለዳው ቡና የእሱ ሥራ ነው። አባቱ ስኒ ያጥባል፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ከመውጣቴ በፊት ሩብ ሰዓት ተቀምጬ ከቤተሰቤ ጋር ቁርስ እበላለሁ። ካፌ ቆመን የምናጠፋው ያ ሩብ ሰዓት ወደ ቤታችን ተመለሰ ማለት ነው። አማቴ ይህን ሲያዩ ሰነበቱና «ወንዱን ካሠራው መልካም ማሽን ነው፤ እሑድን ግን ለእኔ ተዉልኝ» ብለው ፈረዱ። እሑድ እሑድ ማሽኑ ይሸፈናል፤ ቄጠማው ይጎዘጎዛል፤ ጎረቤት ይጠራል፤ አቦል፣ ቶናና በረካ በጀበና ይፈላሉ።

እንግዲህ እህቶች፣ የቤት ዕቃ የሚገዛው ለጎረቤት ዓይን ሳይሆን ለቤተሰቡ ጥቅም መሆኑን መዘንጋት አይገባም። አስቀድማችሁ አስሉ፤ ወፍጮውን አስቀድሙ፤ የማሽኑን ሥራ በዓይናችሁ አይታችሁ ግዙ። ከሁሉም በላይ ዕቃው ከመግባቱ በፊት በማለዳ ማን እንደሚያፈላበት ተነጋገሩ። የእናት ብቻ ሥራ ሆኖ የሚቀር ማሽን ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ተወዷል።