ከዱከም የሚታየው ተራራ

ዱከም፣ እናቴ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሰው ወደ ደቡብ ቀና ሲል ዝቋላን ያያል። እናቴ ወር በገባ በአምስት የአቦን ጠበል ጠዲቅ ስታዘጋጅ ፊቷን ወደዚያው ታዞራለች። በወጣትነቷ ሁለት ጊዜ በእግሯ ወጥታዋለች፤ አሁን ጉልበቷ እምቢ ብሏል። እኔ ግን ጉልበቱ እያለኝ ወጥቼው አላውቅም ነበር። በ2010 ዓ.ም. ጥር ወር፣ «እስቲ ሂድና አውሬዎቹ አሁንም እንዳሉ እይልኝ» አለችኝ።

አውሬዎች የምትለው ግድግዳዋ ላይ ከተሰቀለው ሥዕል ውስጥ ያሉትን ነው። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ እጃቸውን ዘርግተው ሲጸልዩ አንበሶችና ነብሮች እግራቸው ሥር ተኝተዋል። ትውፊቱ 60 አንበሳና 60 ነብር ይላል።

በማለዳ በሚኒባስ ቢሾፍቱ ደረስኩ፤ ከዚያ በአቧራማው መንገድ እስከ ተራራው ግርጌ፣ ከግርጌው በእግር። ዝቋላ የቆየ እሳተ ገሞራ ነው፤ ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ሽቅብ ስወጣ ጤፍ የታጨደበት ማሳ ብዙ መንገድ ተከተለኝ። አናቱ ላይ ስደርስ፣ ያኔ እሳት ይተፋ የነበረው አፍ ውኃ ሞልቶት ተኝቷል። ክርስቲያኑም፣ በራሱ ሥርዓት የሚሳለመው ኦሮሞም የሚያከብሩት ሐይቅ ነው። በዙሪያው ጥድ፣ በጥዱ ላይ ሽበት።

ከጥዱ ላይ ጉሬዛዎች ቁልቁል አዩኝ። ለእናቴ ብዬ ቆጠርኳቸው፤ አሥራ አንድ ናቸው። አንዲቱ ነጭ ግልገል አቅፋለች። አጥር የለ፣ ዘበኛ የለ፤ ከገዳም ዛፍ መቁረጥ ነውር ስለሆነ ብቻ ተርፈዋል።

«አንበሶቹስ፣ አባቴ?» አልኳቸው ውኃ ያጠጡኝን መነኩሴ።

«አንበሳ ድኩላ ይሻል ልጄ፤ ድኩላም ዱር ይሻል። ስትመጣ መንገዱን አይተኸው የለ?»

ማታ ለእናቴ ጉሬዛዎቹን ብቻ ነገርኳት። ደስ አላት።

በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዝቋላ ገዳም አራት መነኮሳት መገደላቸው በዜና ተነገረ። እናቴ ሥዕሉን ረዥም ጊዜ ስታይ ቆየችና፣ «እነዚህ እንኳ ሰው አልበሉም» አለች። እኔ ያን ውኃ ያጠጡኝን አባት አሰብኩ። ከሟቾቹ ዝርዝር ውስጥ ልፈልጋቸው ፈለግሁ፤ ጉሬዛዎቹን አንድ በአንድ ስቆጥር የዋልኩ ሰው፣ የእርሳቸውን ስም ግን አልጠየቅኳቸውም ነበር።