ፈገግታዋን ያየ ማሽን ምን ይላል?



ሰሞኑን በቴሌግራም አንድ ማስታወቂያ ሲዘዋወር ነበር። «የእጮኛህን ቪዲዮ ጫን፤ ከልቧ ትወድህ እንደሆነ ኤአይ ይነግርሃል» ይላል። ሁሩሙ ላይ ከመግሪብ በኋላ የምንሰበሰብ ልጆች ግማሾቻችን ሳቅን፤ ግማሾቻችን ደግሞ «ሊንኩን ላኩልን» አልን። ሳቁም ጥያቄውም ቦታ አለው። ነገሩ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለምና።

ከዚህ ሥራ ፊታውራሪዎች አንዷ የኛዋ እህት ናት፤ ግብፃዊቷ ራና ኤል ካሊዩቢ። ባሏን ግብፅ ትታ ለትምህርት እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ስትሄድ፣ ቀኑን ሙሉ የምትውለው ከላፕቶፗ ጋር ነበር። ለቤተሰቧም የምትጽፈው በሱው ነው። ታዲያ ይህ ኮምፒውተር ስታለቅስም ስትስቅም አንድ ነው፤ ፊቷን አያውቀውም። የዶክትሬት ሥራዋን በዚህ ላይ አደረገች። ተዋናዮች ልዩ ልዩ ስሜት እያሳዩ የተቀረጹባቸውን ቪዲዮዎች ለኮምፒውተር እያሳየች የቅንድብን፣ የከንፈርን፣ የራስን እንቅስቃሴ አስተማረችው። የመጀመሪያ ሐሳቧ ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች የሌላውን ፊት እንዲረዱ ማገዝ ነበር። እ.ኤ.አ በ2009 አሜሪካ ውስጥ ከፕሮፌሰር ሮዛሊንድ ፒካርድ ጋር አፌክቲቫ የሚባለውን ኩባንያ መሠረቱ። ገንዘቡ ግን ከማስታወቂያ ሠሪዎች መጣ። ሰው ማስታወቂያ ሲያይ ፊቱ ምን እንደሚሆን ማወቅ ፈለጉ። በ2021 ኩባንያውን የስዊድኑ ስማርት አይ ገዛው፤ እሱ የሚታወቀው ሹፌሩ እንቅልፍ ሲወስደው በሚያስጠነቅቅ ካሜራ ነው። (ከመቱ በደሌ ሌሊት ቡና ጭነው የሚሄዱ ወንድሞቻችንን ስናስብ፣ ይህኛውስ ቶሎ ቢደርስልን አንጠላም።)

አሠራሩ የሚመስለውን ያህል ረቂቅ አይደለም። ትንሽ ልጅ የደረሰውን ቀይ ቡና ካልደረሰው የሚለየው ሕግ ሸምድዶ አይደለም። «ይሄን ልቀም፣ ያንን ተው» እያልን ደጋግመን ስናሳየው ነው። ማሽን ለርኒንግም እንዲሁ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ፊቶች ይቀርቡለታል፤ በእያንዳንዱ ላይ ሰው «ደስታ»፣ «ንዴት»፣ «ሐዘን» ብሎ ምልክት አድርጎበታል። ማሽኑ ምልክቱን ከፊቱ ጋር ማዛመድ ይማራል።

ችግሩ ያለው ምልክቱ ላይ ነው። ምልክት አድራጊው ያየው ፊትን እንጂ ልብን አይደለም። ቡናው ቢሳሳቱበት ተቀምሶ ይታወቃል፤ ልብን ማን ይቀምሰዋል? በ2019 ሊሳ ፌልድማን ባሬት የተባለች የሥነ ልቦና ሊቅ ከባልደረቦቿ ጋር የቆዩ ጥናቶችን ሰብስባ ስትመረምር፣ ሰዎች ሲናደዱ ፊታቸውን የሚያኮሳትሩት በአማካይ ከ30 በመቶ ባነሰ ጊዜ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የቀረውን ዝም ይላሉ፣ ይስቃሉ፣ ያለቅሳሉ። ማይክሮሶፍት በ2022 ስሜትን ከፊት የሚገምተውን አገልግሎቱን ለማቆም ወሰነ። የአውሮፓ ኅብረትም ከ2025 ጀምሮ በሥራ ቦታና በትምህርት ቤት እንዲህ ያለውን ከልክሏል።

እኛ ላይ ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር በ2018 ባወጡት ጥናት፣ ፊት አይቶ ወንድና ሴት የሚለይ ሶፍትዌር በነጭ ወንዶች ላይ የሚሳሳተው ከ100 አንድ እንኳ አይሞላም ነበር፤ በጥቁር ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ ተሳስቷል። ፆታን እንዲህ የሳተ፣ ፍቅርን አገኘሁ ቢለን እንዴት እንመነው? የኛ እህቶች ደግሞ በሽማግሌ ፊት ዓይናቸውን ይሰብራሉ። ሐያእ መሆኑን ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ያንን ማስታወቂያ የሠራው ሰው ግን «አትወድህም» ብሎ ሊተረጉመው ይችላል።

ይህን ስንል ሁሉንም እንጣል ማለታችን አይደለም። አሜሪካዊው ጆን ጎትማን ባልና ሚስት ሲጨቃጨቁ በቪዲዮ እየቀረጸ፣ ቅጂውን በሰው ዓይን ሰከንድ በሰከንድ እያስመረመረ ለዓመታት አጥንቷል። ትዳርን ከሁሉ በላይ የሚያፈርሰው ንዴት ሳይሆን ንቀት እንደሆነ የደረሰበት በዚህ መንገድ ነው። ይህን ለማወቅ አሜሪካ መሄድ አያስፈልግም የሚል ይኖራል፤ ቆጥሮ ማየት ግን ሌላ ነው። በ2017 ደግሞ የደቡብ ካሊፎርኒያና የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ134 ባልና ሚስት የምክር ክፍለ ጊዜ ቅጂዎችን ለኮምፒውተር ሰጡ። ያዳመጠው ቃላቸውን ሳይሆን የድምፃቸውን ከፍታ፣ ዝቅታና መንቀጥቀጥ ነው። ትዳራቸው ይሻሻል ወይም ይባስ እንደሆነ 79 በመቶ ገደማ በትክክል ገመተ። ፊት ሳያይ፣ በድምፅ ብቻ!

እኛን ያስገረመን ይህኛው ነው፤ ምክንያቱም ቤታችን ውስጥ አይተነዋል። ከመካከላችን የአንዱ እህት ሪያድ በሰው ቤት ትሠራለች። ጁምዓ ጁምዓ በኢሞ ትደውላለች፤ ስልኩን የምንይዘው እኛ ነን። ምስሉ ይቆራረጣል፣ ይደበዝዛል፣ ፈገግታዋ ግን ሁሌም አለ። «ነጋ ዳ እማ፣ ነጋ ዳ» ትላለች። እኛ ፈገግታውን አይተን አልሐምዱሊላህ እንላለን። እናቷ ግን ስክሪኑን ትተው ስልኩን ከጆሯቸው ያስጠጋሉ። አንድ ቀን ጥሪው እንዳበቃ «ልጄ እንቅልፍ አልተኛችም» አሉ። እንዴት አወቁ ብንላቸው «ነጋ ዳ ስትል ታሳጥረዋለች፤ ድሮ ትጎትተው ነበር» አሉን። በሳምንቱ ስንጠይቃት እውነት ነበር፤ የአሠሪዋ ሕፃን ታሞ ሌሊቱን ስታስታምም ነው የምታድረው።

እናቲቱ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰሙት የአንዲት ልጅ ድምፅ ነው። ማሽኑ የሺህ ሰው ድምፅ ሰምቶ ይሆናል፤ እሷን ግን አንድ ቀንም አልሰማትም።

ከመካከላችን ኮምፒውተር የሚማር አንድ ልጅ አለ። «የጁምዓውን ጥሪ ለጥቂት ወራት ብንቀዳው፣ የሷን ድምፅ ከሷው ድምፅ ጋር የሚያወዳድር ነገር መሞከር እችላለሁ፤ ሲከፋት ቀድመን እናውቃለን» አለ። ሐሳቡን ወደድነው። ግን የሰው ወሬ አማና ነው፤ መጀመሪያ እሷን ጠየቅናት።

ሳቀች። «እዚህም ማዳም ኩሽና ውስጥ ካሜራ አስተክላለች» አለችን። «በሥሩ ባለፍኩ ቁጥር ፈገግ እላለሁ። እናንተ ጋ እንኳ እንደልቤ ልናገር።»

አልቀዳንም።