ከገድሉ ገጽ ወደ ዳሞታ ተራራ

አንባቢ ሆይ፤ በልጅነትህ ስትሰማው ትንፋሽህን ያስያዘህን የድንቅ ታሪክ መጽሐፍ ካደግህ በኋላ መልሰህ ልታየው ብትፈልግ ሁለት መንገድ አለልህ። አንዱ መጽሐፉን እንደገና መግለጥ ነው። ሁለተኛው ታሪኩ ሆነበት ወደሚባለው አገር ሄዶ በገዛ እግር መርገጥ ነው። መጽሐፍህ ገድለ ተክለ ሃይማኖት ከሆነ፣ ይህ ሁለተኛው መንገድ ወላይታ ሶዶ ያደርስሃል።

ገድሉን ያላነበበ እንኳ ሥዕሉን አይስተውም፤ ባለ ስድስት ክንፉ ጻድቅ በአንድ እግራቸው ቆመው ሲጸልዩ። ወር በገባ በ24 ገድሉ ሲነበብ ያዳመጠ ልጅ ግን አብልጦ የሚያስታውሰው የዳሞቱን ንጉሥ ሞቶሎሚን ነው። ይህ ንጉሥ ሸዋን ወረረ። ጸጋ ዘአብ ጦረኛ ቢያሳድደው ውሃ ውስጥ ገብቶ በመልአክ ተረፈ፤ ሚስቱ እግዚእ ኀረያ ግን ተማርካ ዳሞት ተወሰደች። ንጉሡ ሊያገባት ሲሰናዳ ቅዱስ ሚካኤል በክንፉ ተሸክሞ ከባሏ ዘንድ መለሳት። ከእነዚህ ባልና ሚስት የተወለዱት ተክለ ሃይማኖት በበኩላቸው አድገው፣ ወደዚያው ንጉሥ ወንጌል ይዘው ሄዱ። ከገደል ቢያስወረውራቸውም አልሞቱም፤ በመጨረሻ ሞቶሎሚ ራሱ ተጠመቀ። ይህን የሚሰማ ልጅ ከማን ወገን እንደሚቆም መቼም አይጠየቅም።

እንግዲህ ጓዝህን አንሣ። በሆሳዕና ብትሄድም በሻሸመኔ፣ ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሶዶ ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ስለሆነች፣ ምናልባት አንተም የምትሄደው የምደባ ደብዳቤ በኪስህ ይዘህ ይሆናል። ከተማዋ ከዳሞታ ተራራ እግር ሥር ናት። ዳሞታ ወደ 3 ሺህ ሜትር የሚጠጋ ቁመት አለው። ሽቅብ ስትወጣ ግራና ቀኙ የእንሰት ጓሮ ነው፤ ቀኑ ጠርቶ እንደሆነ ዞር ብትል በስተ ደቡብ የአባያ ሐይቅ ያብለጨልጫል። በደቡብ ምዕራብ ጎኑ ሞቼና ቦራጎ የተባለው የዋሻ መጠለያ አለ፤ ከ40 ሺህ ዓመት በላይ የሆነ የሰው ልጅ የድንጋይ መሣሪያ የተቆፈረበት ስፍራ ነው። ከዚያ ዘመን አንጻር ሲታይ ሞቶሎሚ የትናንት ሰው ነው!

ነገሩ የሚጠነክረው እዚህ ላይ ነው። አንድ የአገሩን ሽማግሌ ባርኔጣህን አውልቀህ፣ «አባባ፣ ሞቶሎሚ ማን ነበር?» ብለህ ብትጠይቅ፣ የምትሰማው የወራሪውን ታሪክ አይደለም። በወላይታ አፈ ታሪክ ሞቶሎሚ የወላይታ ማላ ሥርወ መንግሥት የመጀመሪያው ካዎ፣ ማለት ንጉሥ ነው፤ የነገሥታቱ ቁጥር ከእርሱ ይጀምራል። በመጽሐፍህ የፈራኸው ሰው እዚህ አያት ነው። ተመልሰህ ልትጎበኘው የመጣኸው ታሪክ በሌላ በር ያስገባሃል፤ በዚያኛው በር ደግሞ ቤተኛ እንጂ እንግዳ የማይሆን ሰው ቆሞ ይጠብቅሃል።

የታሪክ ሊቃውንት በነገሩ አልተስማሙም። ታደሰ ታምራት በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የጥንቱን ዳሞት የሚያኖሩት ከዐባይ በስተ ደቡብ፣ ከሸዋ በስተ ምዕራብ ነው፤ የወላይታ ሰው ደግሞ የተራራውን ስም ይጠቁማል። ገድሉ በጽሑፍ የተቀናበረው ጻድቁ ካረፉ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ መሆኑንም አትርሳ። እኔ ክርክሩን ለሊቃውንቱ ብተወው እመርጣለሁ፤ ለአንባቢ የሚበጀው ሁለቱንም ወገን መስማት ነውና። ወላይታም ብትሆን ጻድቁን አልገፋቻቸውም፤ ደብረ መንክራት አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተባለ ጥንታዊ ገዳም አላት። መንክራት በግእዝ ድንቆች ማለት ነው።

ከተራራው ላይ ሳለህ ሌላ ታሪክም አስብ፤ ይህኛው ሊቃውንት የማይከራከሩበት ነው። በ1887 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ወላይታ ዘመተ። ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ፤ ወደ አዲስ አበባም ተወሰዱ። ቫንደርሄይም የተባለ ፈረንሳዊ ከጦሩ ጋር ነበረና፣ ያየውን እልቂት፣ የተነዳውን ከብትና የተጋዘውን ምርኮኛ ጽፎ በ1896 እ.ኤ.አ. በአገሩ ቋንቋ አሳትሟል። በገድሉ ምርኮኛዋ ከሸዋ ወደ ዳሞት መጣች። በ1887 ምርኮኛው ከዳሞታ ወደ ሸዋ ሄደ፤ ያን ጊዜ ግን በክንፉ ተሸክሞ የሚመልስ አልመጣም። የእግዚእ ኀረያን ለቅሶ ልጅ ሆነህ ከሰማኸው፣ የእነዚህንም ለቅሶ ለመስማት ጆሮህ አስቀድሞ የተገራ ነው።

ማታ ወደ ከተማ ስትወርድ ይርብሃልና ቁርጥ በዳጣ እዘዝ፤ ዳጣው ግን ያቃጥላልና በትንሹ ጀምር። የምትሄድበትን ወር መምረጥ ከቻልህ ሁለት ጊዜ ልጠቁምህ። አንዱ ነሐሴ 24፣ የጻድቁ ዓመታዊ በዓል ነው፤ ዝናብና ጭቃ አለውና ጫማህን አስብበት። ሁለተኛው መስከረም ነው፤ ያን ጊዜ ወላይታ ጊፋታን፣ የራሷን ዘመን መለወጫ ታከብራለች፤ ሰዉም ሁሉ ወደ ቤቱ ስለሚመለስ የአውቶቡስ ትኬትህን ቀደም ብለህ ቁረጥ።