ሁለተኛው አውቶሞቢል የትኛው ይሁን?

በምሥራቅ ጎጃም፥ በቢቸናና በሞጣ መካከል ያለው አገራችን ሮብ ገበያ፥ ስሙ ራሱ እንደሚናገረው የገበያ አገር ነው። በዚያ አካባቢ ያደገ ሰው የጋማ ከብት ሳይመረምር አይገዛም። ጥርሱን ገልጦ ዕድሜውን ያያል፤ ገጣባ እንዳለበት ለማወቅ ጀርባውን ይዳብሳል፤ ኮቴውን አንሥቶ ይመለከታል፤ ቀጥሎም አስነድቶ አካሄዱን ያያል። ይህን ሁሉ ካደረገ በኋላ እንኳ ገንዘቡን ከመቀነቱ ሳይፈታ ሦስት ነገር ይጠይቃል። ምን ይበላል? ምን ይሸከማል? ሲታመምስ ማን ያክመዋል?

አውቶሞቢል ለመግዛት የሚያስብ የከተማ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ከሦስቱ አስቀድሞ የሚጠይቀው አራተኛውን ነው፤ ይኸውም «ሰው ምን ይለኛል?» የሚለው ነው።

ዛሬ ለአንባቢዬ የማቀርበው ጉዳይ ትንሽ መስሎ ቢታይም የቤተ ሰብን ኪስ በብርቱ የሚነካ ነው። አንድ መኪና ያለው ቤት ሁለተኛ ትንሽ የከተማ መኪና ቢያስፈልገው የትኛውን ይምረጥ? «አንዱ መች ሞላልንና ስለ ሁለተኛው ታወራለህ?» የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር ዐውቃለሁ፤ እውነቱንም ነው። ነገር ግን አንድ መኪና ብቻ ለሚገዛ ሰውም ቢሆን ጥያቄዎቹ ያው ስለ ሆኑ፥ እስከ መጨረሻው ቢያነቡልኝ የሚጎዱ አይመስለኝም።

በመጀመሪያ የቤታችንን ሁኔታ ልንገርዎ። ሥራዬ ከከተማ ውጭ ስለሚያስኬደኝ አንድ አሮጌ ደብል ጋቢና ፒክአፕ አለን። ባለቤቴ መምህርት ናት። የምንኖረው አያት ሲሆን የምታስተምረው ሜክሲኮ አካባቢ ነው፤ ሁለቱ ልጆቻችን ደግሞ በመንገዷ ላይ መገናኛ አጠገብ ይማራሉ። አምና እናቴ የስኳር በሽታዋን ለመታከም ከሮብ ገበያ መጥታ ከእኛ ጋር ተቀመጠች። ፒክአፑ ለጉልበቷ ከፍ ያለ ስለ ሆነ፥ ወደ ሐኪም በምትሄድበት ቀን በርጩማ እናቀርብላታለን። እኔ በሌለሁበት ቀን ደግሞ ቤተ ሰቡ በታክሲ ሰልፍ ላይ ይውላል፤ ልጆቹም ቤታቸው የሚገቡት ከመሸ ነው። እንዲህ ባለው ሰዓት የባለቤቴ ዕቁብ ወጣላትና፥ ለብዙ ጊዜ ካጠራቀምነው ጋር ተጨምሮ ለአንዲት ትንሽ መኪና የሚበቃ ገንዘብ ተገኘ። ለእኛ ይህ ገንዘብ ሁለተኛ ጊዜ የሚገኝ አይደለም።

ገንዘብ መገኘቱ በተሰማ ጊዜ መካሪ በዛ። የባለቤቴ ወንድም «ቪትዝ ግዙ! ቪትዝ ማለት ባንክ ማለት ነው፤ ነገ ብትሸጡት ገንዘባችሁ ሳይጎድል ይመለሳል» አለ። የጎረቤታችን ልጅ «የምን ቪትዝ! መስተዋቱ እንደ ቴሌቪዥን የሚበራውን የኤሌክትሪክ መኪና ነው እንጂ» አለ። አጎቴ ደግሞ ከሮብ ገበያ በስልክ «አገር ቤት ካልደረሰ ምኑን መኪና ሆነው?» አለኝ። ሦስቱም የተናገሩት ፍሬ ነገር አለው፤ ስለዚህ በየተራ እንመልከተው።

ትንሽ መኪና ለአዲስ አበባ አዲስ ነገር አይደለም። በ1955 እ.ኤ.አ. ከፋብሪካ የወጣችው ፊያት 600፥ ሰዉ «ሴይቼንቶ» የሚላት፥ የከተማው ታክሲ ሆና አገልግላለች። ቮልስዋገን ደግሞ የስንቱን የመንግሥት ሠራተኛ ቤተ ሰብ አሳድጓል። ከዚያም ሰማያዊና ነጭ የተቀባችው ላዳ መጣች፤ በኋላም ቪትዝ ከተማውን ሞላው። ቶዮታ ቪትዝ የሚለውን ስም በጃፓን ገበያ ላይ ከ1999 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ሲጠቀምበት ቆይቷል፤ በሌላው ዓለም ያችው መኪና ያሪስ ትባላለች። ቪትዝ የተወደደው ሞተሩ ትንሽ፥ ነዳጁ ቍጥብ፥ መለዋወጫውም መርካቶ ሶማሌ ተራ ሲወርዱ የማይታጣ በመሆኑ ነው።

«ባንክ ነው» የተባለበት ምክንያት ግን ከመኪናው ጥራት ብቻ የመጣ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በዕድሜያቸው የገፉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2014 ዓ.ም. ለኤሌክትሪክ መኪኖች የተጨማሪ እሴት፥ የኤክሳይዝና የሱር ታክስ ተነሣላቸው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መንግሥት አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የብር ዋጋ ወረደ። አንድ ነገር ከውጭ መግባቱ ሲከለከልና ገንዘብ ሲረክስ፥ በአገር ውስጥ ያለው ዋጋው ቢወጣ የሚያስደንቅ አይደለም። ነገር ግን ትናንት ዋጋውን ያወጣው ነገር ነገም ያወጣዋል ብሎ የልጆችን ገንዘብ ማስያዝ ንግድ ነው እንጂ መኪና መምረጥ አይባልም። እኛ የምንፈልገው የሚያመላልሰንን ነበር።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንግባ፤ ምን ይበላል? ባለቤቴ በቀን የምትሄደው ደርሶ መልሱ 40 ኪሎሜትር ያህል ነው። አንድ ቪትዝ በከተማ ጭንቅንቅ ውስጥ ለመቶ ኪሎሜትር 7 ሊትር ቢፈጅ፥ በቀን 2.8 ሊትር፥ በ22 የሥራ ቀን ደግሞ 62 ሊትር ያህል ይሆናል። አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ለመቶ ኪሎሜትር 12 ኪሎዋት ሰዓት ብትፈጅ፥ ሲሞላ የሚባክነው ተጨምሮ በቀን 5.5፥ በወር 121 ኪሎዋት ሰዓት ትፈልጋለች። ዋጋውን እኔ አልነግርዎትም፤ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣልና። የዛሬውን የማደያ ዋጋና በመብራት ደረሰኝዎ ላይ ያለውን ሒሳብ ወስደው ራስዎ ያባዙት። ወረቀትና እርሳስ ከመካሪ ሁሉ ይበልጣሉ።

መብራት ቢጠፋሳ? ይህን ባለቤቴም አስቀድማ ጠይቃለች። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ይሁን እንጂ ግድቡና የመንደራችን ሽቦ አንድ አይደሉም። በ220 ቮልትና በ10 አምፔር ሶኬት የአንድ ቀን መንገድ የሚሆነው ኃይል በሦስት ሰዓት ያህል ይሞላል፤ ባትሪዋ የአራትና የአምስት ቀን መንገድ የሚይዝ ከሆነ አንድ ሌሊት መብራት ቢጠፋ ነገ ከሥራ አያስቀርም። ዋናው ነገር ሶኬቱ ነው። የራሱ መስመር፥ የራሱ ማቋረጫና ደኅና የመሬት ሽቦ ያለው መሆን አለበት። የራሱ ግቢና ቆጣሪ የሌለው፥ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ግን ይህን ሳያዘጋጅ የኤሌክትሪክ መኪና ቢገዛ፥ ገለባ ሳይኖረው ከብት እንደ ገዛ ገበሬ ይሆናል።

ሁለተኛው፤ ምን ይሸከማል? ከተመለከትናቸው አንዷ በ2023 እ.ኤ.አ. በቻይና የወጣችው ቢዋይዲ ሲጋል ናት። ርዝመቷ 3 ሜትር ከ78 ነው፤ ባትሪዋ 30 ወይም 39 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይይዛል፤ በቻይናም መለኪያ 305 ወይም 405 ኪሎሜትር ትሄዳለች ይባላል። ይህን ቁጥር በአዲስ አበባ ዳገት ላይ ከመቶ ሰባ እጁን ብቻ ቢቆጥሩ ከኀዘን ይድናሉ። ወንበሯ ለአራት ሰው ነው። ባለቤቴ፥ ሁለቱ ልጆችና እናቴ ስንት ናቸው? አራት። እኔ ካለሁ ፒክአፑም አለ።

የእናቴን ጉልበት ግን ቁጥር አይመልሰውም፤ ስለዚህ ይዘናት ሄድን። በአንዱ መኪና ወደ ኋላ ወንበር ስትገባ አንገቷን ደፋች፤ በሌላው ስትወጣ የሰው እጅ ፈለገች። በሲጋሏ የፊት ወንበር ተቀምጣ እግሯን ዘርግታ «ይችስ እንደ አህያችን ናት ልጄ፤ እግሬ ከመሬት ሳይርቅ ተቀመጥሁ» አለች። ሻጩ አህያ መባሉን እንደ ስድብ ቆጠረው መሰለኝ ፊቱ ጠቆረ። በእኛ አገር ግን አህያ በየቀኑ ወፍጮ ቤትና ገበያ የምትመላለስ፥ ቤቱን የምታቆም ናት። በቅሎ ያለው ገበሬ ሁለተኛ ሲገዛ አህያ ይገዛል እንጂ ሌላ በቅሎ አይደግምም።

ሦስተኛው፤ ሲታመም ማን ያክመዋል? በዚህ በኩል ቪትዝ ይበልጣል፤ በየሰፈሩ ሐኪም አለውና። የኤሌክትሪኳ የሞተር ዘይት፥ ካንዴላና ጭስ ማውጫ የላትም፤ ባትሪዋ ሲታመም ግን ሕመሙ ከባድ ነው። የሲጋል ባትሪ የሊቲየምና የብረት ፎስፌት ዓይነት ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ ተሞልቶ ብዙ ጊዜ ቢራገፍ የሚችል ነው። ሆኖም በሌላ አገር የተሰጠ ዋስትና እዚህ ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ ሻጩ «ዋስትና አለው» ቢልዎ «የት አገር? በማን ፊርማ?» ይበሉ። ያገለገለ ከሆነ የባትሪውን ጤንነት በመሣሪያ ያስመርምሩ፤ የዚህ ዘመን ገጣባ በኮርቻ ሥር ሳይሆን በወለሉ ሥር ነው። የመሙያው ሶኬት የቻይና ነው ወይስ የአውሮፓ፥ በከተማው ካሉት መሙያዎችስ ጋር ይገጥማል ወይ? ይህንንም ሳይጠይቁ አይክፈሉ።

አሁን ደግሞ ስለ ጌጡ። እነዚህ ትንንሽ መኪኖች የሚሸጡት በያዙት ዕቃ ብዛት ነው። እኔና ባለቤቴ የዕቃውን ዝርዝር ይዘን «ጋሻ» እና «ጌጥ» ብለን ለሁለት ከፈልነው። መኪናዋ በዝናብ ስትንሸራተት የሚይዛት መሣሪያ፥ ኤር ባግ፥ ወደ ኋላ ሲሄዱ የሚያሳይ ካሜራ፥ የሕፃን ወንበር ማሰሪያ፤ እነዚህ ጋሻ ናቸው። የሚሽከረከር መስተዋት፥ ቀለሙ የሚለዋወጥ መብራት፥ ቻይንኛ ካልተናገሩት የማይሰማ ታዛዥ፤ እነዚህ ጌጥ ናቸው። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፥ ሲይዙት ያደናግር ነውና፥ ለጌጡ አንድ ብር እንዳንጨምር፥ ከጋሻው ግን አንዱንም እንዳንተው ተስማማን። በአንድ ስም የሚጠሩ መኪኖች እንደ ዓመታቸውና እንደ ደረጃቸው ዕቃቸው ይለያያልና፥ ስሙን ሳይሆን የሚገዙትን መኪና ራሱን ይቍጠሩ።

የአጎቴ ጥያቄ ቀረ፤ አገር ቤት ትደርሳለች? ደጀን ከአዲስ አበባ 230 ኪሎሜትር ያህል ነው፤ ቢቸና፥ ደብረ ወርቅና ሮብ ገበያ ከዚያ ወዲያ ናቸው። በመካከሉ የዓባይ በረሃ አለ፤ ከጎሐ ጽዮን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዱና ወደ ደጀን ያንኑ ያህል ይወጣሉ። ከነሰዉ 1,500 ኪሎ የምትመዝን መኪና 1,000 ሜትር ወደ ላይ ለመውጣት ብቻ 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ትፈጃለች። ይህ ለባለቤቴ የአንድ ቀን መንገድ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው። ቁልቁለቱ ጥቂቱን ቢመልስም ዕዳውን አይከፍልም። እንግዲህ አትደርስም፤ አጎቴ ልክ ነው። ነገር ግን አገር ቤት የምንሄደው በዓመት ሁለት ጊዜ ቢበዛ ነው፤ ለዚያ ፒክአፑ አለ። ለእነዚያ ጥቂት ቀናት ብለን የቀረውን ዓመት በውድ የምንነዳበት ምክንያት አልታየኝም።

ስለዚህ ሲጋሏን መረጥን፤ ትንሹ ባትሪ ያለውን፥ ለሁለት ዓመት የተነዳችውን። የመጨረሻውን ቃል የተናገረችው ባለቤቴ ናት፤ ዕቁቡ የእርሷ፥ መሪውን የምትይዘውም እርሷ ናትና። «ተበድረን ትልቁን ባትሪ እንግዛ» ያለ ዘመድም ነበር፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል ብላ መለሰችው። ከተረፈው ገንዘብ የሶኬቱን መስመር አዘረጋን፤ አራት አዲስ ጎማም አገባን።

እርስዎ ግን ያለዎት አንድ መኪና ብቻ ከሆነ፥ ዘመድዎም ከዓባይ ማዶ ከሆነ፥ መሙያ የሚያኖሩበትም ቦታ ከሌለዎት፥ የባለቤቴ ወንድም ምክር ለእርስዎ ይሻላል። ሳያፍሩ ቪትዝ ይግዙ። የእኛ መልስ ለእኛ መንገድ የተሰፋ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ላሳስብዎ። የኤሌክትሪክ መኪና በቀስታ ስትሄድ ድምፅዋ እምብዛም አይሰማም። በመንደራችን መንገድ ላይ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ሞተር ሰምተው ዘወር ማለት የለመዱ ናቸው። ስለዚህ ባለቤቴ ወደ ሰፈራችን ስትታጠፍ እንደ እግረኛ ዝግ ብላ ትነዳለች። ይህን የሚያደርግ መሣሪያ በየትኛውም የዕቃ ዝርዝር ውስጥ አላገኘሁም፤ ከነጂው ጋር የሚመጣ ነውና።